ጎንበስ ብሎ ገባ

በሬ ተሰርቆብኝ ቢሆን አገር ይነሣልኝ ነበር። ዱካ ይፈለጋል፣ አውጫጭኝ ይቀመጣል፣ ሌባውም ተይዞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የኔ ግን የተሰረቀብኝ ባሌ ወደ ቤት የሚገባበት አገባብ ነው። ይኼን ብዬ ለማን እጮሃለሁ? አበደች አይሉኝም? ብለውኛልም። ይበሉ! እኔ ሥርጉት የተሰረቀብኝን አውቃለሁ፣ የሰረቀችኝንም አውቃታለሁ። አበልጄ አስካለ ማርያም ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሣች።

ቤታችን ከጅጋ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ባሌ ክንፈሚካኤል መጀመሪያ ያገባኝ በአባቱ ሣር ቤት ነበር፤ የዚያ ቤት በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚገባ። በኋላ እግዜር ሲረዳን ቆርቆሮ ቤት ሠራን። አናጺውን እኔው ነኝ ቆሜ ያሠራሁት። “በሩን ከፍ አድርገው፣ ሰው በገዛ ቤቱ አንገቱን ሰብሮ አይግባ” አልሁት። ከፍ አደረገው። ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጎንበሱን አልተወማ! በበሩና በራሱ መካከል አንድ ክንድ ክፍት እያለ፣ እጁን መቃኑ ላይ ጣል ያደርግና ጎንበስ ብሎ ይገባል።

“ማንን ነው የምትሳለመው?” እያልሁ እስቅበት ነበር።

“ግንባሬ መች ይረሳል፤ ጎረምሳ ሆኜ በዚያ በር ስንቴ ተፈንክቻለሁ” ይለኛል።

ልጃችን ያምሮት ተወልዳ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ሲጎነብስ ከሰውነቱ ሁሉ ፊቱ ይቀድማል። ዝቅ ብሎ የሚገባ ፊት ደግሞ ከልጅ ፊት ጋር ይገጥማል። እሷም በር በሩን ስታይ ትቆይና “አባዬ!” ብላ አፍንጫውን ትይዘዋለች። ሌላው ሰው ለሷ ጉልበት ነበር፤ እሱ ብቻ ፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣቁን ተውሁ።

በክረምት ታመመ። ፍኖተ ሰላም ድረስ ወሰድነው፣ ጥቂት ሰነበተና ዐረፈ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ሰው መሰብሰብም ይፈራ ነበር። ቀባሪው የእጅ ጣት አይሞላም። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ብቻ አፈር አልብሰነው በዝናብ ተመለስን። ለቅሶው በሙት ዓመቱ፣ ከተዝካሩ ጋር አብሮ ይወጣል ተባለ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ያንን ቀን ስጠብቅ ኖርሁ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ በትልቁ ይታጠባል። መስተዋት ገብቶለት፣ ዘመድ ደረቱ ላይ ታቅፎት በለቀስተኛው መካከል ይዞራል። ፎቶ እንደ አስከሬን ነው፤ እሱን እያዩ ነው ደረት የሚደቃ። ክንፌ ደግሞ ፎቶ የሚባል ነገር አይወድም። መታወቂያው ላይ የነበረችው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሲያርም ዝናብ አርሷት፣ ፊቱ ታጥቦ ሄዷል። ሌላ አለ ከተባለ የእኅቱ ሠርግ ላይ የተነሣው ነው፤ እሱም ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ሆኖ ጆሮው ብቻ ይታያል። ጆሮ ታቅፌ ልዙር እንዴ? ልጄ አባቷ ሲሞት ገና ከጭኔ አልወረደችም። ውሎ ሲያድር “አባዬ ፀጉሩ እንዴት ነበር?” ትለኝ ጀመር። እየረሳችው እንደሆነ ገባኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ የአባቷን ፊት እንዳትረሳ።

አስካለ ዘንድ ሄድሁ። እሷ ጅጋ ገበያው ጫፍ ነው የምትኖር፤ አልቃሽ ናት። ከጅጋ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም አልፎ እስከ ሽንዲ፣ የታወቀ ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች።

“ለክንፌ ሙት ዓመት እንድታለቅሽልኝ ነው” አልኋት።

“ሳትነግሪኝስ ልቀር ኖሯል? ግን ምን ብዬ ላልቅሰው?”

“ደግ ነበር። ሰው አይጠላም። ቤቱን ይወድ ነበር።”

“ኧረ ተይ ወዲያ!” አለችኝ። “ይኼን ለሞተ ሁሉ ይሉታል። ሰው በጆሮው የሚያለቅስ ይመስልሻል? በዓይኑ ነው። ግጥሙን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ ሟቹ መጥቶ ፊቱ ሲቆም ነው እንባው የሚወርድ። ደግነት አይታይም አበልጄ። የሚታይ ነገር ስጪኝ።”

ያን ጊዜ የበሩን ነገር ነገርኋት። ለእናቴ እንኳ ያልነገርሁትን፤ እጁን መቃኑ ላይ እንዴት ጣል እንደሚያደርግ፣ ፊቱ እንዴት ቀድሞ እንደሚገባ፣ ልጅቱ አፍንጫውን እንዴት እንደምትይዘው። አስካለ ግጥም ሲመጣላት ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል፤ እያየኋት ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ በለሆሳስ አወጣችው፦

በሩስ ከፍ ያለ ነው፣ ራሱን አይነካ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ልጁን ሊያይ ለካ።

ተንሰቀሰቅሁ። ክንፌ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ እኮ! እሷም አለቀሰች። “ይቺ አደራ ናት” አልኋት። “በሚካኤል! ይቺን ለማንም አልሰጥም፤ የክንፌ ናት” ብላ ማለችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ መኝታዋ ላይ ስትወጣ “አባዬን በይልኝ” ትለኛለች። እላታለሁ። ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ትሰማና “መጣ” ትለኛለች። “ምን ይመስላል?” ስላት “ይሥቃል፣ ጥርሱ ይታያል” ትለኛለች። እውነት ነው፣ ሲገባ ይሥቅ ነበር። እኔ አልነገርኋትም፤ ራሷ ናት ያየችው። ባለ ፎቶዎቹ ምን አላቸው? እኔ የሚሥቅ ነበረኝ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ነው ጉዱ የመጣ። የእኅቴ ልጅ ማርያማዊት ተማሪ ናት፤ ስልክ ከእጇ አይለይም። አንድ ቀን ጥላው ሥር ሆኜ በርበሬ ስቀነጥስ ልጄ እየሮጠች መጣች።

“እማ! እማ! አባዬ ስልክ ውስጥ አለ!”

በርበሬው ከእጄ ወደቀ። የክንፌ ፎቶ ከየት ተገኘ? ሮጬ ስልኩን ከማርያማዊት ነጠቅሁ። የማየው የቡሬውን እህል ነጋዴ የአቶ ገብረሰንበትን ለቅሶ ነው። ሰዉ ጤፍ ቢዘሩበት መሬት አይወርድም። መካከል ላይ ፎቶው ይዞራል፤ ቁመቱ የሰው ቁመት ያህላል፣ ሰውዬው ከረባት አድርጎ፣ ወፍራም መነጽር ሰክቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያያል። ከፎቶው ጎን ደግሞ አበልጄ አስካለ ቆማለች፤ ነጠላዋን አገልድማ፣ ደረቷን እየመታች፦

በሩስ ከፍ ያለ ነው፣ ራሱን አይነካ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ድሃን ሊያይ ለካ።

ሰዉ ዋይ ዋይ ይላል። ማርያማዊት ምኑንም አታውቅ፤ “ስንት ሰው እንዳየው ብታይ አክስቴ፣ ሁሉም እያለቀሰ ነው” ትለኛለች። ልጄ ፎቶው ላይ አፍጥጣለች። ሳላውቅ ስንቴ ደጋግማ አይታው ኖሯል።

“ይኼ አባዬ አይደለም” አልኋት።

“አባዬን ነው እኮ የምትለው” አለችኝ።

“እኮ የሱን ወስዳ ነው ለሌላ ሰው የሰጠችበት! ሌላ ሰው ነው፣ ሰማሽ?” ጮህሁባት መሰለኝ። ዝም አለች። እኔም ዝም ስትል የገባት መስሎኝ ተውኋት።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጅጋ ወረድሁ። አስካለ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ትከሻዋ ላይ ከቡሬ ያመጣችው አዲስ ጋቢ አለ።

“እንዴት ዋልሽ አበልጄ” አለችኝ፤ የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!

“አበልጅሽ እንኳ አይደለሁም። ባሌን የት አደረስሽው?”

እንዝርቱን አስቀመጠች። አልካደችም፤ እሱን ልመስክርላት።

“ቁጭ በይ” አለችኝ።

“አልቀመጥም!”

“እንግዲያ ቆመሽ ስሚኝ። እዚያ አገር የሚያህል ሰው ፊት ቆምሁ። ልጆቹን ‘አባታችሁ ምን ያደርግ ነበር?’ ብዬ ብጠይቅ፣ ‘ደግ ነበር’ አሉኝ። ሌላ የላቸውም። ሰውዬው የሚታይ ነገር የለውም ሥርጉት! የሚታየው መጋዘኑ ነው። አፌ ደረቀ። ፎቶው ፊት ለፊቴ ቆሞ ያፈጥጥብኛል። ባዶ ሲሆንብኝ ጊዜ ክንፌ መጣ።”

“መጣ? አንቺ ጎትተሽ አመጣሽው እንጂ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ያ ሰውዬ በዕድሜው ለማን ጎንበስ ብሎ ያውቃል? ድሃ ደጁ ሲቆም ዘበኛ ነበር የሚልክበት።”

“አውቃለሁ።”

“እያወቅሽ!”

“ልጆቹ እኮ አለቀሱ” አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። “ትንሿ ሴት ልጁ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ‘አዎ፣ አባቴ እንዲህ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባ’ አለችኝ።”

“አልነበረም!”

“አልነበረም” አለች አስካለ። “አሁን ግን ሆነላት።”

እንዲህ ስትል ደሜ ፈላ። የማልሽልኝስ አልኋት። ሚካኤልን ጠርተሽ፣ ልጄን ያነሣሽበትን እጅ አንሥተሽ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤ እኔስ አንቺን አምኜ ነው በቁሜ የወደቅሁ። “ያንቺ ባል ስሙ አልተነሣ፤ ምን ጎደለብሽ?” አለችኝ። ምን ጎደለብሽ! እንዳልመታት እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ተመለስሁ።

ወሬው ዞረ። ውኃ ስቀዳ እንኳ ሴቶቹ “ያቺን የገብረሰንበትን ሙሾ ሰማሻት?” ይባባላሉ። የገብረሰንበት ሆነች በቃ። ለክንፌ ሙት ዓመት ብትባል፣ “ድሃ ባሏን በሀብታም ሙሾ አስለቀሰች” ሊሉ ነው። ሌባዋ እኔው ልሆን!

የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ ሕይወት ቤቴ ድረስ መጡ። ከአበልጅ ተኳርፎ ተዝካር ማውጣት ነውር ነው፤ ለነፍሱም አይበጅም አሉኝ።

“አባ፣ እርስዎ ነገሩን ሰምተዋል?” አልኋቸው።

“ሰምቻለሁ ልጄ። አየሽ፣ ምሳሌ እንደ ጧፍ ነው። ከአንዱ ላይ ሌላውን ብትለኩሺ የፊተኛው ብርሃን አይጎድልበትም። መጽሐፉስ እግዜርን እረኛ ይለው የለ? አለትም ይለዋል፣ ጥላም ይለዋል። እረኛ ስለተባለ ከብት ጠባቂው ምን ቀረበት?”

“እውነትዎን ነው አባ፣ እረኛው ምንም አልቀረበትም። እረኛው ፊት አለዋ። ቤት ሲገባ ሚስቱ ታየዋለች፣ ልጁ ታየዋለች። የኔ ባል ፊት የለውም። ያቺ ቃል ናት ፊቱ። በሰው ፎቶ ላይ የሌላ ሰው ፎቶ ቢለጥፉበት አይጎድልበትም ይሉኛል?”

ቄስ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን አገላበጡ። ኋላ ግን “ለነፍሱ ስትይ ትምጣ” አሉኝ። የነፍስ አባትን እንቢ አይባል። “ትምጣ፤ አፏን ግን አትክፈት” አልኋቸው። በዚሁ ተስማማን።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ግጥም አላውቅ። ቃሉን ወስዳዋለች። ለልጄ ማታ ማታ ማለቱንም ትቼው ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ያ ግንባሩን የቋጠረ ሰውዬ ይመጣብኛል። ልጄም “አባዬን በይልኝ” ማለት ትታለች። እኔ እሷ የተወችው እኔ ስለተውሁት ነው እል ነበር።

የተዝካሩ ዋዜማ ጧት በሩን ቆሜ ሳይ ሳይ አንድ ነገር ታየኝ። የባሌን ወንድም ደረሰን ጠራሁት። የዳሱን እንጨት እያቆመ ነበር።

“ደረሰ፣ እዚህ በሩ ላይ፣ በወንድምህ ግንባር ልክ፣ አንድ አግዳሚ ምታልኝ።”

“ሥርጉት፣ ጤነኛ ነሽ? ነገ አገር ይገባበታል! የሰው ግንባር ልትፈነክቺ ነው?”

“ይጎንበሱ።”

“ሰው ምን ይለናል?”

“ምታ ብዬሃለሁ!”

እያጉረመረመ መታው። አንድ ሁለቴ ራሱ ሲወጣ ሲገባ ተጋጨና “የአባታችንን ቤት መለስሽልን እኮ” ብሎ ሣቀ፤ ሣቁ ግን መካከል ላይ ቀረ። የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሚስማሩን አጥብቆ ደገመበት።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ፍትሐቱ ደርሶ፣ ሰው ወደ ቤት መጣ። እኔ በሩ ትይዩ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ጭኔ ላይ ናት። ሰው “እግዜር ያጽናሽ” ሊለኝ ይገባል። መጀመሪያ የገባው ዘሚካኤል የሚሉት ረጅም ጎረቤታችን ነው፤ እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ጓ! አለ። “እንዴ! ይኼ ደግሞ ምን ያመጣው ነው?” ብሎ ግንባሩን እያሸ ገባ። ከኋላው ያሉት እሱን አይተው እጃቸውን መቃኑ ላይ እየጣሉ፣ ጎንበስ እያሉ ገቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሰልፉ አያልቅም። ፊታቸው ቀድሞ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ ከልጄ ፊት ጋር ይገጥማል። ልጄ ሣቀች። እኔ በጆሮዋ “አባትሽ እንዲህ ነበር የሚገባ። አግዳሚ ሳይኖር፣ እንዲሁ” አልኋት። ይቺን ማንም አይወስድብኝም አልሁ በልቤ። ቃል አይደለች፣ በአፍ አትሄድ። ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ገና ደረቴ ቀለል አለኝ።

ኋላ አስካለ መጣች። የቡሬውን ጋቢ አልለበሰችም፤ በአሮጌ ነጠላ ነው የመጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አግዳሚውን አየችው። እጇን አንሥታ ዳሰሰችው። ምን እንደ ሆነ፣ በማን ልክ እንደ ተመታ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ጎንበስ ብላ ገባች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ይቅር ልላት።

ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንዴ አግዳሚውን፣ አንዴ የሚጎነብሰውን ሰው ታያለች። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ወይኔ! እዚያው፣ በተዝካሩ ላይ፣ እኔ ፊት! ይቺንም እየገጠመች ነው። ይቺም ነገ ሽንዲ ልትሄድ ነው፣ ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ልጮህባት አፌን ስከፍት፣ ደረሰ ከዳሱ ወደ ቤት ገባ። እጁን መቃኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ። ወንድማማቾች ናቸውና መልካቸው አንድ ነው፤ ለአንዲት ቅጽበት ክንፌን አየሁት። እናቴ ማርያም ምስክሬ ናት፣ አየሁት!

ልጄም ከጭኔ ወርዳ ሄደች። እጇን ዘርግታ አፍንጫውን ያዘችው፤ እንደ ጥንቷ። ሰዉ ሁሉ ያያታል። ደረሰ እንደ ጎነበሰ ቀረ። እሷ ግን እጇን ከአፍንጫው ወደ ዓይኑ አወጣችና ዳበሰችው፤ የጎደለ ነገር ያለ መሰላት።

“መነጽሩስ?” አለች ዞር ብላ።

“የማን መነጽር ልጄ?”

“የአባዬ።”

“አባዬ መነጽር አልነበረውም እኮ” አልኋት።

“ነበረው” አለች ያምሮት። “እኔ ሁልጊዜ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ግን አይሥቅም፤ ይቆጣል።”

የአስካለ ከንፈር ቆመ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄን ወደ ጭኔ መልሼ አቀፍኋት።

“አይቆጣም ነበር” አልኋት።

“ይቆጣል” አለችኝ ልጄ።